በ26 ሺህ ዶላር ስታይፔንድ ዓመቱን መዝለቅ ይቻላል? (ፒኤችዲ፣ አሜሪካ)

ነሐሴ_ላይ_ሂያጅ

ሰላም ለሁላችሁም።

በዚህ ነሐሴ ለፒኤችዲ ወደ አሜሪካ እሄዳለሁ። ሚድዌስት ውስጥ ያለ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ነው። ከተማዋ ትንሽ ናት፤ ኑሮዋ ውድ አይደለም ብለውኛል። ቲውሽኑን (የትምህርት ክፍያውን) ሙሉ በሙሉ ሸፍነውልኛል። በቲቺንግ አሲስታንትነት (መምህር በማገዝ) ደግሞ በዓመት 26,000 ዶላር ስታይፔንድ ይከፍሉኛል። ደብዳቤው ላይ «ለ9 ወር» ይላል።

እኔ እንዲህ አሰላሁ። 26,000 ለ9 ሲካፈል 2,900 ገደማ ይመጣል። ቤት 700፣ ምግብ 300፣ ስልክና ትራንስፖርት 150 ብል እንኳ ከግማሽ በላይ ይተርፈኛል። ከሚተርፈው ላይ በየወሩ 500 ዶላር ለእናቴ ልልክ አስቤያለሁ። ታናሽ ወንድሜም ገና ተማሪ ነው።

አሁን በመምህርነት የምሠራበት ዩኒቨርሲቲ የትምህርት ፈቃድ ሰጥቶኛል። ደመወዜን እናቴ በውክልና ትቀበላለች።

ሂሳቤ ልክ ነው ወይ? ስንት ብር ይዤ ልምጣ? በቁጥር ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል። «አይዞህ፣ እዚያ ማንም ተርቦ አያድርም» የሚለኝ ሰው ሞልቷል። ቁጥር የሚነግረኝ ግን አላገኘሁም።

አራተኛ_ዓመት

እንኳን ደስ ያለህ ወንድሜ። በቁጥር ልመልስልህ።

ችግሩ ያካፈልክበት ቁጥር ነው። አካፋዩ 12 ነው። ክፍያው ሜይ ላይ ይቆማል፤ ኪራዩ ግን አይቆምም። በዩኒቨርሲቲ ከተሞች ሊዝ (የኪራይ ውል) አብዛኛውን ጊዜ የሚፈረመው ከኦገስት እስከ ኦገስት ለ12 ወር ነው። ሰመር ላይ ተማሪው ይበተናል። ክፍልህን ለሌላ ሰው ላከራይ ብትል ተከራይ ማግኘት ከባድ ነው፤ ብታገኝም በግማሽ ዋጋ ነው።

ሁለተኛው ነገር፣ 26,000 ሙሉው እጅህ አይገባም።

የፌደራል ግብር አለ። በኤፍ-1 (በተማሪ ቪዛ) የመጣን ሰዎች ለግብር ጉዳይ የመጀመሪያዎቹን አምስት ዓመታት «ነዋሪ ያልሆነ» ተብለን ነው የምንቆጠረው። አሜሪካዊው የክፍል ጓደኛህ ከገቢው ላይ ስታንዳርድ ዲደክሽን (ግብር የማይከፈልበት የገቢ ክፍል) ይቀነስለታል። ለእኛ የለም። ኢትዮጵያ ደግሞ ከአሜሪካ ጋር የገቢ ግብር ስምምነት የላትም። ህንዳዊው ወይም ቻይናዊው ጓደኛህ «ለእኔ እኮ ይቀነስልኛል» ሲልህ አትደናገር፤ የእነሱ አገሮች ስምምነት አላቸው። አንተ ከመጀመሪያው ዶላር ጀምሮ 10 በመቶ፣ ከ12 ሺህ ገደማ በላይ ላለው ደግሞ 12 በመቶ ትከፍላለህ። በ26,000 ላይ ወደ 2,900 ዶላር ይሆናል።

የስቴቱም ግብር አለ። ደቡብ ዳኮታ ብትሆን የገቢ ግብር የለም። ሚሺጋን 4.25 በመቶ ነው። አንተ ለጊዜው 900 ያዝ።

ከዚያ ፊ የሚባለው ይመጣል። ቲውሽን ተሸፈነ ማለት ፊ ተሸፈነ ማለት አይደለም። የቴክኖሎጂ፣ የጂም፣ የዓለም አቀፍ ተማሪ እያለ በየሴሚስተሩ ይመጣል። ለሴሚስተር 600 ብትይዝ ለዓመት 1,200 ነው። ኢንሹራንሱን ዩኒቨርሲቲው ቢከፍልልህም ያንተ ድርሻ ሊኖር ይችላል፤ 600 እንበል። እነዚህ ሁለቱ ከቦታ ቦታ በጣም ስለሚለያዩ ለዲፓርትመንትህ ኢሜይል ጻፍና ልኩን ጠይቅ። ጥያቄው ነውር የለውም፤ ሁሉም ይጠይቃል።

ተቀናሹ ሲደመር 5,600 ነው። 20,400 ይቀራል። ለ12 ሲካፈል 1,700።

በጀትህ ይሄ ነው፤ 2,900ውን እርሳው። 1,700 ትንሽ ከተማ ውስጥ ቤት ተጋርቶ ያለ መኪና ለሚኖር ሰው ይበቃል። በየወሩ 500 ዶላር ለመላክ ግን አይበቃም። ይህንን አሁን ብታውቀው ይሻልሃል ብዬ ነው።

ነሐሴ_ላይ_ሂያጅ

እግዜር ይስጥልኝ። እውነት ለመናገር ደንግጫለሁ። ግን ቀድሜ መስማቴ ጥሩ ነው።

የ9 ወሩን ክፍያ በ12 ወር ከፋፍላችሁ ስጡኝ ማለት ይቻላል?

አራተኛ_ዓመት

መጠየቅ ትችላለህ። ለአሲስታንት ብዙ ቦታ አይሠራም። ስለዚህ ራስህ ታደርገዋለህ።

ከላይ ባሰላነው ልቀጥል። በወር አንዴ ይከፍሉሃል ብለን እንያዝ። 2,889 ይመጣና ግብሩ ሲቆረጥ 2,467 አካባቢ ባንክህ ይገባል። ከዚያ ላይ 200 ለፊና ለኢንሹራንስ ለይ። 1,700 መኖሪያህ ነው። 567 ይቀራል። ይህቺን 567 ገንዘቡ በገባ ቀን ወደ ሌላ ሂሳብ በራሱ ጊዜ እንዲዛወር ባንኩን እዘዝ። በዘጠኝ ወር 5,100 ትሆናለች። ጁን፣ ጁላይ፣ ኦገስት በወር 1,700 አገኘህ ማለት ነው።

ያቺ 567 በየወሩ «ትርፍ» መስላ ነው የምትታይህ። ትርፍ አይደለችም። የጁላይ ኪራይህ ናት።

ሰመር ላይ ፕሮፌሰርህ የምርምር ክፍያ ቢሰጥህ እሰየው። የሁለተኛ ዓመት መጠባበቂያ ይሆንሃል። ግን ደብዳቤው ላይ ያልተጻፈ ገንዘብ በጀት ውስጥ አታስገባ።

ብርዱን_ለመድኩት

ሰላም ወንድሜ፣ እኔ ስለ መጀመሪያዎቹ ሳምንታት ልንገርህ። ሰው ስለ ዓመቱ ያወራል፤ የሚያንቀው ግን ኦገስትና ሴፕቴምበር ነው።

ኦገስት አጋማሽ ትደርሳለህ። የመጀመሪያው ክፍያህ ሴፕቴምበር መጨረሻ ሊሆን ይችላል። በዚህ መሃል ዲፓዚት ትከፍላለህ፣ የመጀመሪያ ወር ኪራይ ትከፍላለህ። ክፍሉ 650 ቢሆን 1,300 ዶላር ገና ሳትተኛበት ወጣ። ፍራሽ፣ አንሶላ፣ ድስት፣ የስልክ ካርድ፣ የመጀመሪያው አስቤዛ... 2,500 ዶላር ቢኖርህ ሳትሳቀቅ ትገባለህ። ከዚያ ካነሰ ለዲፓርትመንቱ አሁኑኑ ጻፍና የአጭር ጊዜ ብድር ወይም ቅድመ ክፍያ ካላቸው ጠይቅ። ብዙ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አለ፤ የሚጠቀምበት ግን የጠየቀ ብቻ ነው።

ዶላሩን ከባንክ በሕጋዊ መንገድ ለመግዛት ፓስፖርት፣ ቪዛና ትኬት ይዘህ ሂድ። ለመጨረሻው ሳምንት አታቆየው።

የመጀመሪያውን ዓመት የዩኒቨርሲቲውን የግራጁዌት መኖሪያ ብታገኝ ውሰድ። ትንሽ ውድ ሊመስልህ ይችላል። ግን ክሬዲት (የብድር አከፋፈል ታሪክ) አይጠይቁህም። ውጭ ያለ አከራይ ክሬዲት የሌለውን ሰው ዋስ አምጣ ወይም እጥፍ ዲፓዚት ክፈል ሊለው ይችላል። ዩኒቨርሲቲው ጋ ብዙ ጊዜ መብራትና ማሞቂያም ከኪራዩ ጋር ነው። የጃንዋሪ ማሞቂያ ቢል ሚድዌስት ውስጥ ቀልድ አይደለም።

ሌላው፣ ጥርስህን አዲስ አበባ ታክመህ ና። የተማሪ ኢንሹራንስ ብዙውን ጊዜ ጥርስና መነጽር አይሸፍንም። ሁለት መነጽር አሠርተህ ያዝ። የክረምት ጃኬት ግን ከዚያ አትግዛ። እዚያ የሚሸጠው ለዚህ ብርድ አይሆንም፣ ሻንጣህንም ይሞላብሃል። እዚህ ያገለገለ ልብስ የሚሸጥባቸው ሱቆች አሉ፤ ደህና ጃኬት በርካሽ ታገኛለህ።

ሻንጣህን በሽሮና በበርበሬ ሙላው። ኤርፖርት ላይ ምግብ ይዘሃል ወይ ሲሉህ አዎ በልና አሳያቸው። ቋንጣ ግን እንዳትይዝ። ሥጋ አያሳልፉም፣ የእናትህን ልፋት እዚያው ይጥሉታል።

ሲልቨር_ስፕሪንግ

ወንድሞቼ፣ አታስጨንቁት ልጁን። እዚህ ዲሲ አካባቢ ብዙ ተማሪ ቅዳሜና እሁድ ይሠራል። ፓርኪንግ አለ፣ ምግብ ማድረስ አለ። በዘመድ አካውንት መሥራት ይቻላል። 500 ዶላር ለእናት መላክ የሚያቅተው ሰው አላየሁም።

የድሮ_ተማሪ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ለልጁ ከማሰብ እንደተናገርክ ይገባኛል። ግን ይህንን ምክር ማንም ኤፍ-1 ተማሪ እንዲወስደው አልፈልግም። ከልብ ነው የምናገረው።

በኤፍ-1 ትምህርት ባለበት ጊዜ ካምፓስ ውስጥ በሳምንት እስከ 20 ሰዓት ብቻ ነው የሚፈቀደው። የአሲስታንትነቱ ሥራ ብዙ ጊዜ ያንን 20 ሰዓት ይሞላዋል። ከካምፓስ ውጭ ያለፈቃድ የተሠራ ሥራ፣ በዘመድ አካውንትም ይሁን በእጅ ተከፍሎ፣ ስታተስ (በተማሪነት በሕጋዊነት የመቆየት መብት) ያስነጥቃል። ስታተስ የሄደ ቀን አሲስታንትነቱም ትምህርቱም አብሮ ይሄዳል። ለ300 ዶላር ብሎ የአምስት ዓመት ፒኤችዲ የሚያስይዝ ሰው መኖር የለበትም። በሰው አካውንት መሥራት ደግሞ ለዘመዱም ጣጣ ነው።

ሕጋዊ መንገድ አለ። ሴሚስተር ሲዘጋ ካምፓስ ውስጥ ሙሉ ሰዓት መሥራት ይፈቀዳል። አንድ የትምህርት ዓመት ከጨረስክ በኋላ ደግሞ ከትምህርትህ ጋር የተያያዘ ኢንተርንሺፕ (የሥራ ልምምድ) ሲፒቲ በሚባለው የሥራ ፈቃድ ትሠራለህ። በዳታ፣ በምህንድስና፣ በፋርማሲ መስክ ያለ ሰው በአንድ ሰመር ኢንተርንሺፕ ከስታይፔንዱ ግማሽ በላይ ሊያገኝ ይችላል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ለሁለተኛው ሰመር ማመልከት ነው። ፈቃዱን ሳትይዝ ግን አንድም ቀን እንዳትጀምር። የዓለም አቀፍ ተማሪዎች ቢሮን ቀድመህ አናግር።

ሲልቨር_ስፕሪንግ

ትክክል ነህ። እኔ የማውቃቸው ልጆች ግሪን ካርድ ያላቸው ናቸው። ልጁ የአንተን ይስማ።

የግብር_ነገር

አራተኛ ዓመት ግብሩን በደንብ አስረድቶታል። ሁለት ነገር ልጨምር፤ ሁለቱም ገንዘብ ናቸው።

ሥራ ስትጀምር ደብሊው-4 የሚባል ፎርም ያስሞሉሃል። እንደ አሜሪካዊ ከሞላኸው በየወሩ የሚቆረጥብህ ያንሳል። ደስ ይላል። ኤፕሪል ላይ ግን ልዩነቱን አምጣ ይሉሃል። ፎርሙ ላይ ነዋሪ አለመሆንህን ጻፍ፤ የደመወዝ ክፍሉ ሰዎች የት ጋ እንደሚጻፍ ያሳዩሃል።

የመጀመሪያውን የክፍያ ወረቀትህን ደግሞ መስመር በመስመር አንብበው። የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር (የጡረታና የጤና መዋጮ) ተቀናሽ ካየህ ቶሎ ሂድና ንገራቸው። በኤፍ-1 ያለ ተማሪ በመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት ይህንን አይከፍልም። ድምሩ 7.65 በመቶ ነው፤ በአንተ ገቢ በዓመት ወደ 2,000 ዶላር። አንዳንዴ በስህተት ይቆርጣሉ። ቶሎ ከተያዘ ራሳቸው ይመልሱልሃል፤ ከቆየ ግን ከአይአርኤስ (ከአሜሪካ ግብር መሥሪያ ቤት) ጋር መጻጻፍ ይመጣል።

ግብር ስታሳውቅ የምትሞላው 1040-ኤንአር ነው፤ ከእሱ ጋር ፎርም 8843 አለ። ተርቦታክስ የሚባለው የግብር መሙያ ሶፍትዌር ለእኛ አይሆንም። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ስፕሪንታክስን በነፃ ወይም በቅናሽ ይሰጣሉ፤ ማርች ላይ ቢሮውን ጠይቅ።

ሌላው_ሂያጅ

በጣም ጠቃሚ ውይይት ነው። እኔም በዚሁ ጊዜ ነው የምሄደው። ስታይፔንዴ 28,000 ነው። ባለቤቴንና የሦስት ዓመት ልጃችንን ይዤ ልሄድ ነው። 1,700 ለአንድ ሰው ከሆነ ለሦስት እንዴት ይሆናል?

የሁለት_ልጆች_እናት

ወንድሜ፣ እኔ በዚያ ውስጥ ያለፍኩ ነኝ። ተማሪዋ እኔ ነበርኩ፤ ባለቤቴ በኤፍ-2 (በተማሪ ቤተሰብ ቪዛ) መጣ። ኤፍ-2 ላይ ያለ ሰው መሥራት አይችልም። ካምፓስም ውስጥ ቢሆን፣ የትም። ይህንን ለባለቤትህ አሁን ንገራት። ባንክ ወይም ትምህርት ቤት ሥራ ላይ የነበረች ሴት ሥራዋን ለቃ መጥታ ቤት ውስጥ ስትቀመጥ የሚመጣው ጭንቀት ከገንዘቡ ይብሳል።

ከኪራዩ ይልቅ የቤተሰብ ኢንሹራንስ ነው ብዙ ሰው የማያስበው። አንተን ዩኒቨርሲቲው ይሸፍንሃል። ሚስትና ልጅ ስትጨምር ግን የእነሱን ራስህ ትከፍላለህ። በዓመት ብዙ ሺህ ዶላር የሚሆንበት ቦታ አለ። ቪዛ ከመጠየቃቸው በፊት የዩኒቨርሲቲውን የጤና ቢሮ «ለትዳር አጋርና ለአንድ ልጅ ስንት ነው?» ብለህ ጻፍላቸው። መልሱን ሳታይ ትኬት አትቁረጥ።

እኔ ብሆን የምመክርህ መጀመሪያ ብቻህን ግባ። ቤቱን፣ ኢንሹራንሱን፣ የመጀመሪያዎቹን ክፍያዎች እይ። ጃንዋሪ ወይም ሜይ ላይ አምጣቸው። መለያየቱ ያማል፣ አውቃለሁ። ልጅ ታሞ ሆስፒታል ገብቶ የሕክምናው ሂሳብ የሚመጣበት ሰው ሆኖ መማር ግን ከባድ ነው። ልጁን ይዘህ ከመጣህ ደግሞ ለትንሽ ነገር ወደ ኢመርጀንሲ አትሩጥ። የምሽት ክሊኒክ፣ ኧርጀንት ኬር የሚሉት አለ። ኢንሹራንስህ የሚቀበለው የትኛውን እንደሆነ ሳይታመም በፊት እይ።

ምግብን በተመለከተ ብዙ ካምፓሶች ለተማሪ በነፃ ምግብ የሚሰጡበት ክፍል አላቸው። ሩዝ፣ ምስር፣ ወተት፣ ዳይፐርም የሚኖርበት ጊዜ አለ። ተማሪ መሆንህን ብቻ ነው የሚጠይቁህ። የመንግሥቱ የምግብ ካርድ ግን ለእኛ ቪዛ አይሆንም፤ ሁለቱን አታምታታ። አገራችን ሌላውን ስንመግብ ነው ያደግነው፤ ወረፋ ይዞ መቀበል ይከብዳል። እኔ ግን ልጆቼን ከዚያ ነው የመገብኩት። ክብሬ አልተነካም።

ሌላው_ሂያጅ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ እህቴ። ዛሬውኑ ለጤና ቢሮው እጽፋለሁ። ከባለቤቴም ጋር ይህንን አብረን አነበብነው።

አዲስ_ከንሳስ

ስለ መኪና ማንም አላነሳም። እኔ ጋ አውቶቡሱ እሁድ አይሠራም። መኪና የግድ ነው ይሉኛል። ከከተማ ወጣ ያለ 500 ዶላር ክፍል አግኝቻለሁ። ካምፓስ አጠገብ ያለው 680 ነው።

አራተኛ_ዓመት

680ውን ያዝ። ምክንያቱን እየው። ልዩነቱ 180 ነው። ራቅ ካለው ቦታ መኪና ያስፈልግሃል። አሜሪካ ውስጥ የመንዳት ታሪክ ለሌለው ሰው ኢንሹራንስ በወር 130 አይበዛም። ቤንዚን 70። የካምፓስ ፓርኪንግ ፈቃድ አለ። ጎማ፣ ባትሪ፣ ዘይት አለ። ኢንሹራንሱና ቤንዚኑ ብቻ 200 ነው፤ ርካሹ ክፍል ከውዱ ይበልጥ ያስከፍልሃል፤ የመኪናውን ዋጋ ገና አልቆጠርንም።

ብዙ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በመታወቂያህ የከተማ አውቶቡስ ነፃ ነው። ለእሁድ አስቤዛ ከአንድ ባለመኪና ተማሪ ጋር ተስማማና ቤንዚን አዋጣ።

ብርዱን_ለመድኩት

አስቤዛ ካነሳን... በወር ከ250 እስከ 280 ይበቃኛል። እንዲህ ነው የማደርገው። ምስር፣ ክክና ቅመም ከህንዶች ሱቅ። ሽንኩርትና ዘይት በብዛት። ዶሮ በቅናሽ ሲመጣ ገዝቼ ፍሪዘር ውስጥ። እንጀራ ተጋግሮ የሚመጣውን ከገዛህ ገንዘብህ ቶሎ ያልቃል። ጤፍ ግን አሜሪካ ውስጥም ይበቅላል፤ የአይዳሆው ጤፍ ይታወቃል። ዱቄቱን በ25 ፓውንድ ከረጢት አዝዤ ከሌላ ዱቄት ጋር ቀላቅዬ አቦካለሁ። ክረምት ላይ ሊጡ አልቦካ ይልሃል፤ ምድጃው ውስጥ መብራቱን ብቻ አብርተህ አሳድረው፣ ይቦካል። የማይጣበቅ ሰፊ መጥበሻ ከክዳኑ ጋር ካለህ ምጣድ አያስፈልግህም። እሁድ ጋግሬ ሳምንቱን እበላለሁ።

ነሐሴ_ላይ_ሂያጅ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እውነት እውቀት ነው ያገኘሁት።

የሚያስጨንቀኝ ግን የእናቴ ነገር ነው። «ልጄ አሜሪካ ገባ» ብላ ለጎረቤት ሁሉ ነግራለች። እሷ ራሷ አትጠይቀኝም። ዘመዱ ግን ይጠይቃታል። በመጀመሪያው ወር ምንም ሳልልክ እንዴት እሆናለሁ?

እቁብተኛ

ወንድሜ፣ ከዚህ ሁሉ ውይይት ከባዱ ጥያቄ ይሄ ነው። የእኔን ልንገርህ።

በመጀመሪያ፣ ለቤተሰብ የሚላክ ገንዘብ በጀት ውስጥ የራሱ መስመር ይኑረው። ከኪራይና ከምግብ ጎን። «ከተረፈ እልካለሁ» ካልክ ወይ ምንም አትልክም፣ ወይ ስልክ በተደወለ ቁጥር የሰመር ኪራይህን ትልካለህ። ልኩን ወስን። ከ1,700 ላይ 100 ወይም 150 ማውጣት ይቻላል። ለእናትህ በየወሩ በአንድ ቀን ይድረሳት። ቋሚ የሆነ 100 ዶላር አንዴ መጥቶ ከሚቀር 500 ይበልጥ ይጠቅማታል፤ አስባበት ትኖራለች። ከሐምሌ 2016 በፊት ባንክ ዶላሩን በ57 ብር ገደማ ነበር የሚመነዝረው። አሁን ከእጥፍ በላይ ነው። ኑሮውም አብሮ ጨምሯል፣ አይካድም። ቢሆንም 100 ዶላር ለአንድ ቤት ዛሬ ትልቅ ነገር ነው።

አላላኩንም እይ። ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ ከአሜሪካ በጥሬ ገንዘብ ከፍለህ ስትልክ 1 በመቶ ታክስ አለ። ከባንክ ሂሳብህ ወይም እዚህ በተሰጠህ ዴቢት ካርድ ስትልክ የለም። ስለዚህ ሱቅ ሄደህ ጥሬ ገንዘብ አትስጥ።

ሁለተኛው እቁብ ነው። እኛ ከተማ ውስጥ ያለን ሐበሻ ግራጁዌት ተማሪዎች ትንሽ እቁብ አለን። በወር 300 እንጥላለን። የሁላችንም ክፍያ ሜይ ላይ ስለሚቆም እጣ አናወጣም። ተራው በስምምነት ነው። ሰመር ላይ ክፍያ የሌለው ሰው ሜይ ላይ ይወስዳል። አገር ቤት ደርሶ የሚመለስ ሰው ዲሴምበርን ይጠይቃል፤ ለትኬት ነው። አዲስ የገባ ሰው ደግሞ ሴፕቴምበርን እንሰጠዋለን፤ ለዲፓዚት የተበደረውን እንዲከፍል።

አዲስ_ከንሳስ

ይቅርታ፣ ይሄ ከባንክ ቁጠባ በምን ይሻላል? ባንኩ ወለድ ይሰጣል። እቁብ ውስጥ አንዱ ቢጠፋስ?

እቁብተኛ

ጥሩ ጥያቄ ነው። በወለድ ከሄድክ ባንኩ ይሻላል። ልዩነቱ ሌላ ነው። ባንክ ያለው ገንዘብ እጄ ላይ ነው። ማታ ስልክ ተደውሎ «አጎትህ ታመመ» ሲባል ከዚያ አውጥቼ እልካለሁ። አለኝ እያወቅኩ የለኝም ማለት አልችልም። እቁብ ውስጥ ያለው ግን እጄ ላይ የለም። «የለኝም» ስል እውነቴን ነው። የሚሰማኝም ሰው እቁብ ምን እንደሆነ ስለሚያውቅ ይረዳኛል። «ሜይ ላይ ይወጣልኛል» ስለው ይጠብቃል።

ለሰው መጥፋት፣ የምናውቀውን ሰው ብቻ ነው የምናስገባው። ስታይፔንድ የሚከፈለው መሆን አለበት። ሊመረቅ አንድ ሴሚስተር የቀረው ሰው ቀድሞ አይወስድም። አንድ ሰው ቢያቅተው ቀድሞ ይናገራል፣ ወሩን እናሸጋግርለታለን። የሚከብድህ ከሆነ ግን አራተኛ ዓመት ያለው መንገድ ለብቻውም ይበቃል። ሁለቱንም የሚያደርግ አለ።

የድሮ_ተማሪ

ለነሐሴ ሂያጅ አንድ ነገር ልበልህ። እናትህን ከመሄድህ በፊት ቁጭ አድርገህ ንገራት። ከሄድክ በኋላ በስልክ አይሆንም። 1,700 እንደሆነ፣ ቤት 650 እንደሆነ፣ ለሦስት ወር ክፍያ እንደሌለህ ወረቀት ላይ ጽፈህ አሳያት። እናቶቻችን በትንሽ ደመወዝ ቤት ያስተዳደሩ ሰዎች ናቸው። ሂሳብ ከእኛ ይበልጥ ይገባቸዋል። እሷ ካወቀች ዘመዱን እሷ ትመልሰዋለች። ካላወቀች ግን መካከል ላይ ትጨነቃለች።

ደመወዝህን በውክልና መቀበሏ ትልቅ ነገር ነው። የመጀመሪያው ሴሚስተር መላኪያህ እሱ ነው በለው።

ነሐሴ_ላይ_ሂያጅ

ቅዳሜ አናገርኳት። ወንድሜም ነበር። ወረቀቱን አየችው። «ቤቱ ውስጥ ማሞቂያ አለ ወይ?» ብላ ነው የጠየቀችኝ። ከዚያ ለአክስቶቼ ራሷ እንደምትነግራቸው ነገረችኝ። እስከ ጃንዋሪ ደመወዜ ይበቃናል ብላለች። ከጃንዋሪ ጀምሮ 120 ዶላር በየወሩ በጀት ውስጥ ገብቷል።

ዲፓርትመንቱም መልሶልኛል። ፊው ለሴሚስተር 540 ነው፤ ከደመወዝ ላይ በየወሩ ቆርጠው ይከፍሉልኛል። የመጀመሪያው ክፍያ ሴፕቴምበር 30 ነው። የአጭር ጊዜ ብድር አላቸው፣ ያለ ወለድ። የግራጁዌት መኖሪያ ላይም ተመዝግቤያለሁ፤ 640 ነው፣ ማሞቂያውና ኢንተርኔቱ ከውስጡ ነው።

አንድ የመጨረሻ ጥያቄ። ባንክ ለመክፈት ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር እስኪመጣ መጠበቅ አለብኝ?

ብርዱን_ለመድኩት

የለብህም። ፓስፖርትህን፣ አይ-20ህን (ዩኒቨርሲቲው ለቪዛ የሰጠህን ሰነድ) እና የአድራሻ ማረጋገጫ ይዘህ በደረስክበት ሳምንት ካምፓስ አካባቢ ያለ ባንክ ሂድ፤ ተማሪ ስለለመዱ ያለ ሶሻል የሚከፍቱ አሉ። ወርሃዊ ክፍያ የሌለው የተማሪ ሂሳብ ጠይቅ። ለሶሻሉ ከገባህ በኋላ ቢያንስ 10 ቀን ቆይተህ የሥራ ደብዳቤህን ይዘህ አመልክት። ቁጥሩ ሲመጣ ለደመወዝ ክፍሉና ለባንኩ ወዲያው ስጣቸው፤ የሴፕቴምበር 30ው ክፍያ እንዳይዘገይብህ።